ሩጫውን ወይስ ፋይናሉን?

ይድረስ ለስፖርት አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ፣ ጋዜጣውንም የምጀምረው ከኋላ፣ ከስፖርቱ ገጽ ነው። ስለዚህ ይቺን ቅሬታ የወዳጅ ቅሬታ አድርጋችሁ ያዙልኝ።

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ከ9 እስከ 20፣ ጀርመን ውስጥ ከመላው ዓለም የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲወዳደሩ ሰነበቱ። በእነዚያ ቀናት አርሰናል ማንን ሊያስፈርም እንዳሰበ፣ ማንን ሊሸጥ እንደሆነ፣ ያልሸጠውንም ለምን እንዳልሸጠ በሰፊው ነገራችሁን። ስለ ጀርመኑ ውድድር ግን አንድ መስመር አላየሁም። እኔም የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፣ በዚህ አልጣላችሁም። ግን የሩጫ አገር ነን እያልን የወጣት ሯጮችን ትልቅ መድረክ እንደሌለ ቆጥረን ማለፋችን አልዋጥልህ አለኝ። ጥፋቱ ደግሞ የእናንተ ብቻ አይደለም። ዋናው ጥፋት ያለው እኔ በምሠራበት ሰፈር፣ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው፣ ስለዚያ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ለማያውቀው ሰው ባጭሩ። (ለውጭዎቹ ውድድሮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ውድድሩ የዓለም ዩኒቨርሲቲ ጨዋታዎች ይባላል፣ የድሮ ስሙ ዩኒቨርሲያድ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል፣ የበጋና የክረምት ስፖርት ለየብቻ። የሚመራው በ1949 የተመሠረተውና ዛሬ ቢሮው ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ የሆነው ፊሱ የተባለው ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ፌዴሬሽን ነው። የኦሊምፒክ ኮሚቴው ጎረቤት ማለት ነው። ነገሩ ከዚያም ይቀድማል። በ1923 ፓሪስ ላይ ተማሪዎች ተሰብስበው ተወዳድረው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምሥራቁና ምዕራቡ ተማሪውን ሳይቀር ለሁለት ከፈሉት፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ውድድር ያዙ። በ1959 ቱሪን ላይ ግን ከ45 አገሮች የመጡ 985 ተማሪዎች በአንድ ሜዳ ተገናኙ። ዩኒቨርሲያድ የሚለው ስምም የተጀመረው እዚያ ነው።

ለመግባት የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ዕድሜ ከ18 እስከ 25፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆን ወይም ባለፈው ዓመት መመረቅ፣ የምትወክለው አገር ዜጋ መሆን። የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የትም አገር ቢሆን ችግር የለም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

አንዳንዱ ሰው «የተማሪ ውድድር» ሲባል በጆንያ መዝለልና ገመድ ጉተታ ይመስለዋል። ኩባዊው አልቤርቶ ሁዋንቶሬና በ1977 ሶፊያ ላይ 800 ሜትርን በ1:43.44 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው በዚህ ውድድር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጣሊያናዊው ፒየትሮ ሜኔአ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 200 ሜትርን በ19.72 ገባ። ያ ሰዓት እስከ 1996 ድረስ፣ ማይክል ጆንሰን እስኪመጣ፣ የሚነካው ጠፍቶ ኖረ። ከፍታው ረድቶታል የሚሉ አሉ፣ ልክ ናቸው፣ የሳሳ አየር ለአጭር ርቀት ሯጭ ይመቻል። ግን ስለ ሜኔአ እኔን የሚገርመኝ ሰዓቱ አይደለም። ሰውየው አራት ዲግሪ ነበረው። ሩጫ ሲያበቃ ጠበቃ ሆነ፣ የአውሮፓ ፓርላማ አባልም ሆነ። ከእኛው አህጉር ደግሞ የደቡብ አፍሪካው አካኒ ሲምቢኔ በ2015 ኮሪያ፣ ጉዋንጁ ላይ 100 ሜትርን በ9.97 አሸነፈ፣ ከዚያ ወዲህ ከዓለም ትልልቅ የፍጻሜ ውድድሮች የማይጠፋ ሰው ሆኗል። ቻይና በ2023 ቼንግዱ ላይ ስታዘጋጅ 103 ወርቅ ሰብስባለች። እንዲህ የምትለፋው ለገመድ ጉተታ አይደለም።

(በነገራችን ላይ እዚያ ወርቅ ያገኘ ሰው የአገሩ መዝሙር አይዘመርለትም። ለሁሉም የሚዘመረው አንድ የቆየ የተማሪዎች የላቲን መዝሙር ነው። እኛ መዝሙር ሲሰማ አብረን የምናለቅስ ሕዝቦች ስለሆንን ይቺ ትንሽ ትከብደን ይሆናል።)

አሁን ወደ ሆድ ቁርጠቴ ልምጣ። በ2019 ኔፕልስ ላይ በተደረገው ዩኒቨርሲያድ የግማሽ ማራቶኑን ውጤት አንብቡልኝ። ወንዶች፦ አንደኛ ጃፓን፣ ሁለተኛ ጃፓን፣ ሦስተኛ ጃፓን። ሴቶች፦ አንደኛ ጃፓን፣ ሁለተኛ ጃፓን፣ ሦስተኛ ጃፓን። ስድስቱም ሜዳሊያ ወደ አንድ አገር ገባ። በግማሽ ማራቶን! እኛ የእሁድ ጧት እንቅልፋችንን የምንሰዋለት ርቀት!

ታዲያ እነዚህ ልጆች ከእኛ ልጆች ይበልጣሉ? እናወዳድር። የወንዶቹን ወርቅ የወሰደው አኪራ አይዛዋና ነሐሱን የወሰደው ታትሱሂኮ ኢቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ሮጠዋል። ያንን ውድድር ታስታውሱታላችሁ፣ ሰለሞን ባረጋ ወርቅ የወሰደበት ነው። ሁለቱ ጃፓኖች ርቀው ከኋላ ነው የገቡት። ማለትም በአገራቸው ምርጥ ናቸው፣ ከእኛ ምርጥ ጋር ግን ገና ነበሩ። የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው ዩካ ሱዙኪ ግን ሌላ ታሪክ አላት። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ትዕግሥት አሰፋ ብር ስትወስድ፣ አማኔ በሪሶ አምስተኛ ስትወጣ፣ ከአማኔ ቀጥላ ስድስተኛ ሆና የገባችው ይቺው ሱዙኪ ነች። ከኔፕልስ እስከ ፓሪስ አምስት ዓመት። ተማሪ እያለች ባንዲራ ለብሳ መሮጥን ለመደች፣ በሙቀት መሮጥን ለመደች፣ ተመረቀች፣ አደገች። የእኛ ልጅ በዚያ ዕድሜ የት ነች?

ጃፓን ይሄን ያገኘችው በዕድል አይደለም። ሃኮኔ ኤኪደን የሚባል የዩኒቨርሲቲዎች የዱላ ቅብብል ሩጫ አላቸው። ከ1920 ጀምሮ ያለ ነው። በየዓመቱ ጥር 2 እና 3፣ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ማግሥት፣ ከየዩኒቨርሲቲው አሥር አሥር ተማሪ ከቶኪዮ እስከ ሃኮኔ ተራራ ደርሶ ይመለሳል፣ 217 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዱላ የሚባለው ደግሞ ዱላ አይደለም፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል መቀነት ነገር ነው። አገሩ በሙሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ያየዋል። ጎበዝ ሯጭ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙ ይገናል፣ ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያገኛል። ኬንያውያን ይቺን ቀድመው ነቅተውባታል፣ ከ1989 ጀምሮ ልጆቻቸው በጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ስም ይሮጡበታል። ወደ አሜሪካም ቢሆን የኬንያ ልጆች በዩኒቨርሲቲ በር መግባት የጀመሩት ዱሮ ነው። ሄንሪ ሮኖ በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

እንግዲህ እኛ ጋ ያለውን ልንገራችሁ። የማስተምረው አካውንቲንግ ነው፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ይቅር፣ ነገሩ የአንድ ግቢ ጉዳይ አይደለምና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክፍሌ ውስጥ አንዲት 5 ሺህ እና 10 ሺህ የምትሮጥ ልጅ ነበረች። ከገጠር የመጣች፣ ጎበዝ ተማሪ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከዶርም ትወጣለች፣ ከግቢው አጥር ውጪ በጨለማ ትሮጣለች። ስትመለስ ካፌው ቁርስ ጨርሶ ይጠብቃታል። ዳቦና ሻይዋን የዶርም ጓደኛዋ በፌስታል ይዛላት፣ 2 ሰዓት ላይ ክፍሌ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ አጎንብሳ ስትበላ አያታለሁ፣ አላየሁም ብዬ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። ምሳ ሽሮ፣ እራት ሽሮ። ነን ካፌ ለመሆን፣ ማለትም ከካፌው ወጥቶ በራስ ለመመገብ፣ ቤተሰቧ ብር መላክ አለበት፣ ቤተሰቧ ደግሞ ከእሷ የሚጠብቅ ነው። በዚህ ምግብ ሳምንቱን ሙሉ ሮጣ፣ ቅዳሜ ልብሷን አጥባ፣ የመሮጫ ጫማዋን ዶርም መስኮት ላይ አስጥታ፣ ለሰኞ አሳይመንቷን ታመጣለች።

አንድ ዓመት ከተማሪዎች ተመርጣ ለውድድር ስትጠራ ቀኑ ከፋይናል ፈተና ጋር ገጠመ። የስፖርት ክፍሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ጻፈላት። ልጅቷ ደብዳቤዋን ይዛ ደጅ ጠናች። ዲፓርትመንት ወደ ዲን ላካት፣ ዲን ወደ ሬጅስትራር፣ ሬጅስትራር መልሶ ወደ ዲፓርትመንት። ሁሉም ትሑት ነው፣ ሁሉም «ጎበዝ፣ በርቺ» ይላታል። ሜክ አፕ ፈተና (ያመለጠን ፈተና በሌላ ቀን መፈተን) ግን የሚፈቀደው ለሕመምና ለሐዘን ነው። የሐኪም ወረቀት ይኑርሽ ወይም ሰው ይሙትብሽ ነው ነገሩ። ዩኒቨርሲቲውን ወክዬ ልሮጥ ነው የሚል ምክንያት መዝገቡ ላይ የለም። እኔ የራሴን ኮርስ ፈተና በሌላ ቀን ሰጠኋት፣ ሌሎቹ አልሰጧትም። ሄዳ ሮጠች። ሁለት ኮርስ ላይ ኤን ጂ (ውጤት የለም) ተጻፈባት፣ ኋላ ያው ኤን ጂ ወደ ኤፍ ተቀየረ። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰችም፣ ክለብ ገባች። ደመወዝ አለው፣ ሥጋ አለው፣ ማሳጅ የሚያደርግ ሰው አለው። እኔ ብሆንም እገባ ነበር።

የሚያበግነኝ ደግሞ ያችኑ ልጅ የገፋው ግቢ በየዓመቱ መግቢያው ላይ የአትሌቶቻችንን ፎቶ ትልቅ ባነር አድርጎ መስቀሉ ነው።

ከአሠልጣኞች ጋር ስናወራ የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።» ጥሩ ተረት ነው፣ ግን ከላይ የጠቀስኳቸው ሰዎች ሁሉ ሁለት ዛፍ የወጡ ናቸው። ሌላው መልስ ብር ነው። የተማሪ ሜዳሊያ ምን ይበላል? ዱባይ ወይም አንድ የቻይና ከተማ ሄዶ ጎዳና ላይ ሮጦ መምጣት አይሻልም? ማናጀሩስ ምን ይላል?

ይሄ ክርክር ጠንካራ ነው፣ አልክደውም። አንድ ጥሩ የማራቶን ውጤት የቤተሰብን ኑሮ ይቀይራል፣ የእኔ ደመወዝ ደግሞ የእኔንም አልቀየረ። ግን ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ሒሳቡን በሌላ በኩል ልየው። በኦሊምፒክ ለአንድ ርቀት ከአንድ አገር ሦስት ሰው ነው የሚገባው። ኢትዮጵያ ውስጥ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ አሥረኛ የሆነችው ልጅ ሌላ አገር ብትወለድ ኖሮ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ነበረች። እዚህ ግን ቤቷ ቁጭ ብላ ታያለች። በየከተማው ዳር፣ ሰንዳፋ ብትሉ ሱሉልታ ብትሉ በቆጂ ብትሉ፣ በዚያ ጧት ተነስቶ ከሚሮጠው ልጅ ውስጥ ውጪ ወጥቶ ብር የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። የቀረውስ? በ24 ዓመቱ የተረከዝ ጅማቱ የተበጠሰ፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ማናጀሩ ስልክ ማንሳት ያቆመበት ልጅ ስንት ነው? ስንቱን እናውቃለን፣ ሰፈራችን ውስጥ ነው ያለው። አንዳንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዳንዱ የሌላ ሯጭ ቤት ይጠብቃል። ባጃጅ መንዳት ነውር አይደለም፣ ግን ከሩጫው ጎን ትምህርቱ ቢኖር አማራጩ ሁለት ይሆን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚሮጥ ልጅ ሲጎዳ ቢያንስ ዲግሪው ይዞታል።

ደግሞም የክለቡንና የዩኒቨርሲቲውን ነገር ማን ነው «አንዱን ምረጥ» ያደረገው? ትልልቆቹ ክለቦቻችን የመንግሥት ተቋማት ናቸው፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም የመንግሥት ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ኪስ ነው የሚከፈሉት። አንዲት ልጅ ደመወዟን ከክለብ እየበላች በዩኒቨርሲቲ የማትማርበት ምክንያት አልገባኝም። ስፖርት ሳይንስ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሞልተውናል። ላብራቶሪ አላቸው፣ አሠልጣኝ ያስመርቃሉ፣ መመረቂያ ጽሑፍ ያስጽፋሉ። ከግቢው አጥር ውጪ በጨለማ የምትሮጠውን ልጅ ግን ሰዓት የሚይዝላት የለም።

አይ፣ እኛ አቅም የለንም የሚል ካለ ወደ ጎረቤት ይመልከት። ዑጋንዳ በ2014 የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን ኢንቴቤ ላይ አዘጋጅታለች። (ፊሱ ከትልቁ ጨዋታ ሌላ በየስፖርቱ ለብቻው የሚያደርጋቸው ሻምፒዮናዎች አሉት።) በ2018 ደግሞ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ኔትቦል ካምፓላ ላይ ተደረገ። የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ፌዴሬሽን ቢሮም እዚያው ካምፓላ ነው። አገር አቋራጭ! እኛ እነ ቀነኒሳን ያወጣንበትን ስፖርት የዓለም ተማሪዎች መጥተው የሮጡት ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት በረራ ላይ ነው፣ ያውም አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን።

እኛም ግን ባዶ አይደለንም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ መቀሌ ላይ ተደርጓል። የአህጉሩ ተማሪ መጥቶ፣ በልቶ፣ ተጫውቶ ሄዷል። ማስተናገድ እንደምንችል ታይቷል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚያ በስፖርት ደብዳቤ አልጽፍም። ግን ያ ልምድ የት ገባ? ያንን ያዘጋጁ ሰዎች፣ ያሰናዱት ሰነድ፣ የሠለጠኑት ዳኞች የት አሉ? እኛ ድግስ እንችልበታለን። ከድግሱ በኋላ ሳህኑን ቆጥሮ ማስቀመጥ ላይ ነው የምንቸገረው።

የውጪውን ወገን ደግሞ አንርሳ። ያቆየኋት ደንብ እዚህ ትገባለች። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ያለው ተማሪ ጀርመንም ይማር፣ አሜሪካም ይማር፣ ቻይናም ይማር፣ ለኢትዮጵያ መሰለፍ ይችላል። ሜሪላንድና ሚኒሶታ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚሮጡ፣ የሚዋኙ፣ ኳስ የሚጫወቱ የእኛ ልጆች አሉ። ሁሉም ዜግነት አልቀየሩም። ማን ጠየቃቸው? ያሬድ ንጉሤን አስታውሱት፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ 1500 ሜትር ነሐስ የወሰደውን። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ያደገው ኬንታኪ ነው፣ ሩጫውን ያሳደገው ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ። የጥርስ ሐኪም መሆን ይፈልግ እንደነበር በየቃለ ምልልሱ ተናግሯል። የእሱ አገር አሜሪካ ነው፣ በዚያ ምንም ቅሬታ የለኝም። ግን የእኛ ደም ያለበት ልጅ መጽሐፍና ሩጫ አብሮ ሲይዝ ምን እንደሚሆን አይተናል። «አበሻ ሁለቱን አይችልም» የሚለውን ወሬ እዚያ ላይ ልንዘጋው እንችላለን።

አሁን ባለሥልጣናቱ የሚፈሩትን ነገር ላንሳ፣ በሹክሹክታ የሚወራውን። ልጆቹ ይጠፋሉ። በዚያው በጀርመኑ ውድድር ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ የመጡ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከማደሪያቸው ጠፍተው ፖሊስ ሲፈልጋቸው ነበር። እኛም ቢሆን ይሄ ያልደረሰብን አይደለንም። ይኼ አደጋ አለ። ግን መልሱ ማንንም አለመላክ ከሆነ ኦሊምፒክም አንሂድ። ደግሞ አስቡት፣ ሊመረቅ አንድ ዓመት የቀረው፣ ዩኒቨርሲቲው ሜክ አፕ የሰጠው፣ ሲመለስ የሚጠብቀው ነገር ያለው ልጅ ነው ይበልጥ የሚጠፋው ወይስ ኤፍ ይዞ የሄደው?

እኔን ከአትሌቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ አብሮት የሚሄደው ኃላፊ ነው። ህንድ ለዚያው ውድድር 12 የባድሚንተን ተጫዋቾች ይዛ ጀርመን ሄደች። ኃላፊዎቹ በቡድን መሪዎች ስብሰባ ላይ የሁሉንም ስም በወጉ ስላላስመዘገቡ ስድስቱ ራኬታቸውን እንደያዙ ሳይጫወቱ ተመለሱ። የተጫወቱት ደግሞ ነሐስ አመጡ! ስድስት ተማሪ፣ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ በአንድ ወረቀት። ይሄን ያነበበ ሰው ሁሉ የራሱን አገር ቢሮ ሳያስታውስ አይቀርም። እኛ ጋ ደግሞ አውሮፕላኑ ላይ ከሯጩ ሻንጣ የባለሥልጣኑ ሻንጣ ይበዛል ይባላል፣ ይባላል ነው ያልኩት።

የምጠይቀው ብዙ ብር የሚፈጅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሌጅስሌሽናቸው (የውስጥ መተዳደሪያ ደንባቸው) ላይ ከሕመምና ከሐዘን ጎን አንዲት ሐረግ ይጨምሩ፦ ተቋሙን ወይም አገሩን ወክሎ የተወዳደረ ተማሪ ሜክ አፕ ይፈተናል። ይቺ በአንድ ስብሰባ የምታልቅ ነገር ነች። ውድድሩ የሚደረገው በእኛ ሐምሌ አካባቢ ስለሆነ ከፋይናልና ከምረቃ ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ ስለዚህ ያለዚህች ሐረግ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ነው። ለሯጮቹ ካፌ ውስጥ እንቁላልና ወተት መጨመር ደግሞ ከባነሩ ዋጋ አይበልጥም። ምርጫውም በግልጽ ሜዳ ላይ፣ በሰዓት ይሁን። ማን በስንት እንደገባ ይለጠፍ፣ ማን ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሄደ፣ አብሮት የሄደው ኃላፊ ምን እንደሚሠራ ይታወቅ። ዛሬ ቡድን ቢላክ እንኳ እኛ ግቢ ውስጥ ያለነው ሰዎች የምንሰማው ከተመለሰ በኋላ፣ እሱም ከሰማን ነው። ተማሪው መኖሩን የማያውቀውን ውድድር እንዴት ብሎ ይለማመድለታል?

ከእናንተ ደግሞ የምፈልገው ሥራችሁን ነው። አንድ ጋዜጠኛችሁ ወደ አንድ ግቢ ወርዶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በር ላይ ይቁም። ሬጅስትራር ቢሮም ገብቶ ይጠይቅ፣ እኔን የማይመልሱኝን ለእናንተ ይመልሳሉ። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑንና ትምህርት ሚኒስቴርን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጣችሁ «ተማሪ ሯጭ የማናችሁ ነው?» በሏቸው። መልሳቸውን እንዳለ አትሙት።

የሚቀጥለው ጨዋታ በ2027 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ፣ ቹንግቼዎንግ በሚባለው ክልል፣ ዴጆንና ሴጆንግን በመሳሰሉ ከተሞች ነው። በ2029 ደግሞ አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና። ኮሪያ ለእኛ ባዕድ አገር አይደለችም፣ የቃኘው ልጆች ደም ፈሶባታል፣ በአክብሮት ነው የሚቀበሉን። ዛሬ አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ያሉት ተማሪዎች ያኔም ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ ጊዜው ሩቅ አይደለም፣ ልጆቹም አሁን ዶርም ውስጥ ናቸው። እኔ የሜክ አፑን ጉዳይ ለዲፓርትመንታችን ቀጣይ ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ። በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የምታስተምሩ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ እናንተም አስይዙ፣ ቃለ ጉባኤውን ለጋዜጣው ላኩለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር